ቀጭን ጌታ

ያሥር ወር ዕቁቤ ባንዲት ጀምበር ወጥቶ፣
ኪሴ ውስጥ ገባልኝ እንደ ቅጠል ሳስቶ።
«ስስ ነው» አለ ሻጩ፣ «ምላጭ ነው፣ ሐር ክር ነው፤
ካሜራው አንድ ቢሆን፣ ፊትህ እኮ አንድ ነው።»
ስለ ባትሪው ዕድሜ አንድም አልጠየኩም፤
ሙሽራ ሲያመጡ ሆዷን አይለኩም።

እኔ ደላላ ነኝ። ኮዬ ፈጬ ላይ
ሊፍት ያልገባለት ፎቅ የማሳይ፣
«መብራት አይጠፋበትም» ብዬ፣ ምዬ የማከራይ።
ደንበኛ ሲመጣ ከኔ በፊት ስልኬን ያያል፣
አይቶም «አንቱ» ይለኛል።
ይህን አልክድም።
ሸምሱ ባለ ቁልፏን ስልኩን በላስቲክ አስሮ፣
«አንተ ልጅ» እየተባለ ኖሯል እስከ ዘንድሮ።

ድምፅ ማውጫው አንድ ናት፤ ከቱሉ ዲምቱ የተነሣ አቧራ ሲደፍናት
ደንበኛው ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል።
ዘጠኝ ሰዓት ሲል ደግሞ ትኩሳት ይይዘዋል፣
ቀይ መስመር ያሳይና ዓይኑን ይከድናል።
ያኔ ከሱቅ ሱቅ ሶኬት እለምናለሁ፣
ቶሎሳ ፀጉር ቤት ደጅ እጠናለሁ፣
መብራት የለም ሲሉኝ፣
ከጌታዬ የሚወፍር፣ ጡብ የሚያህል ቻርጀር
በሌላው ኪሴ እሸከማለሁ።

ትናንት ማምሻውን አንዲት ነርስ ደወለች፣
«ቤቱን ወድጄዋለሁ፣ ቀብዱን ልላክ፣ ስንት—» አለች።
«ስንት» ላይ ጠፋ።
ጥቁር መስታወት ሆነ፤ ፊቴን አየሁበት፣
አንድ ፊት፣ ሻጩ እንዳለው።
እስካበራው ድረስ ቤቱ በሸምሱ እጅ አልቆ ነበር፣
ሳምንት ሙሉ በማትተኛው ስልክ።
አልሳቀብኝም። ብሎኩ ጨልሞ ነበርና
በዚያችው ስልክ ባትሪ ደረጃውን አበራልኝ፤
አራት ፎቅ ወረድን፣ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።
ታች ስንደርስ፣ «ያዋጣል ግን?» አለኝ።
ጫማዬን አየሁ።

ስስ ነው ቢሉኝ ገዝቼ፣ እኔው ሳሳሁለት፤
እንዳይጎብጥ ብዬ ባውቶብስ ቆሜ ሄድኩለት።
ቅለቱ ያስደነግጣል፤ የጠፋ እየመሰለኝ
በሄድኩበት ኪሴን እዳብሳለሁ።
ክብደቱ ያለው ሌላ ጋ ነው፦
ገና ስድስት ወር ዕቁብ እጥላለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ከመኪና ወረደ።
ስልኬን አየ፤ ቀጥሎ እኔን።
«እርስዎ ነዎት ደላላው?» አለ።
ቀና አልኩ።
መቶ በመቶ ይላል ስልኩ፤
ገና ሁለት ሰዓት ነው።