ቁጥር አስር ቡሶላ

በአየርሻየር መንደር፣ ከወንዙ ማዶ ዳር፣
ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ከክር ጋር፣
ጆሮዬ በማሽኑ ጩኸት ደነቆረ፤
ያን ጊዜ ጣቴ ግን መስማት ጀመረ።
አንዲት ክር ስትላላ ከአራት ሺህ መሐል፣
ዓይን ሳያያት በፊት ጣት ቀድሞ ያውቃታል።

ሐሙስ ቀን ነው ያሉን። ሻይ ሰዓት ላይ ነበር።
አለቃችን ሎጋን፣ አንገቱን ሰበር
አድርጎ፣ ከወረቀት ላይ አነበበ፤
ቃሉ የእሱ አልነበረም፣ ከሩቅ የታሰበ።
ስሙን "ቅነሳ" አሉት። የምን ቅነሳ?
ሠላሳ ሰባት ነን፤ ሠላሳ ሰባት ሲነሣ
ማነው የሚቀረው? ማሽኑ ነው፤ እሱም
ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ፣ አልቆመም።

በሥራ ማፈላለጊያው ቢሮ የተቀመጠች
ልጅ እግር ጸሐፊ "ሙያሽ?" ብላ ጠየቀች።
"ክር" አልኋት። ቀና አለች። "ሌላስ?" "ቋጠሮ።"
ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገች፤ አላገኘችም ተዘርዝሮ።
ጽዳት ሠራሁ ስድስት ወር፣ በአረጋውያን ቤት፤
ዓሣ ስከትፍ ከረምሁ፣ እጄ ሸተተኝ ሌሊት ሌሊት።

ከዚያ ፕሬስትዊክ፣ ከባሕሩ ዳር ካለው ሃንጋር፣
"ተለማማጅ መካኒክ፣ ዕድሜ አይገድብም" የሚል ነገር
ጎረቤቴ ሺና ከጋዜጣ ቀድዳ
በበሬ ሥር ከተተች፣ እንደ ሌላ ሰው ዕዳ።
አርባ ዘጠኝ ዓመቴ! ሳቅሁ። ደግሜ አነበብሁት።
ቅጹን ግን አልጣልሁም፤ ማታ ሞላሁት።

ፈታኙ ሁለት ቡሎን፣ ፒንሳና ሽቦ ሰጠኝ።
"እሰሪያቸው" አለ፤ ሌላ ቃል አልነገረኝ።
አየሁት ሽቦውን፤ ወፍራም ክር አይደለም እንዴ?
አንዱ ሊላላ ሲል ሌላውን እንዲያጠብቅ፣ በዘዴ
ገመድሁት፣ ጠመዘዝሁት፣ በአንድ ኢንች ስምንት ጊዜ፤
እጄ ነው የቆጠረው፤ እኔማ ነበርሁ በትካዜ።
ሰውየው በጣቱ ዳሰሰና፣ "ማን አስተማረሽ?" አለኝ።
"መጋረጃ" ብለው እንደ እብድ አየኝ።

ሰኞ ጀመርሁ።

አስተማሪዬ ሮሪ፣ ሃያ አራት ዓመቱ፤
ከልጄ በሁለት ያንሳል፣ ለስላሳ ነው ፊቱ።
"ኤልስፔት፣ ይህ ኪያቬ ነው፤ ይህ ደግሞ ካቻቢቴ።"
እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ፤ ይስቃል አንጀቴ።
መሣሪያ ሁሉ ቅርጹ ተቀርጾ በሰሌዳ፣
እያንዳንዱ የራሱን ጥላ ይሞላል በግድግዳ፤
ማታ አንዱ ጥላ ባዶ ከሆነ፣ ያኔ
አውሮፕላን አይወጣም፤ ይህ ነው የዚህ ቤት ኩነኔ።

በሦስተኛው ወር፣ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ሰሌዳውን ቆጠርሁ፤ አንድ ጥላ ጎደለኝ።
ቁጥር አስር ቡሶላ። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል።
ፈለግሁ። የለችም። ከክንፍ ሥር፣ ከቱቦ መሐል...
ሞተሩ ክፍት ነው፤ ሺህ ጓዳ፣ ሺህ ሥርቻ፤
ማንም አላየኝም። የማውቀው እኔ ብቻ።
በዳንቴሉ ቤት ቢሆን እናውቅበት ነበር፤
መርፌ ስትሰበር ከጥቅል ሥር መቅበር።
መጋረጃ ቢወድቅ ሰው አይሞት፤
ይህ ግን ሲነጋ መቶ ሰማንያ ሰው አለበት።

"ሮሪ" አልሁት፣ ድምፄ እንደ ልጅ ቀጥኖ፣
"ቡሶላ ጠፋብኝ።" ዝም አለ፣ ፊቱ አመድ ሆኖ።
ሃንጋሩ ተዘጋ። አሥራ አንድ ሰው በባትሪ መብራት
አራት ሰዓት ፈለገ፣ በመስታወት፣ በማግኔት።
በረራው ዘገየ። ስልክ ጮኸ። አንዱ ተራገመ፤
ሌላው እኔን ላለማየት ጣሪያውን ገመገመ።
እኔ በልቤ ኤንቨሎፑን አሽጌያለሁ፤
"ሁለተኛው ቅነሳ ይኸው መጣ" ብያለሁ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ብርድ ገባኝና የጃኬቴን ቆብ
ወደ ራሴ ሳብሁት፤ ቡሶላዋ ዱብ!
ሲሚንቶው ላይ ዘለለች፣ አቃጨለች፣ ቆመች።
ከእኔው ማጅራት ላይ ሌሊቱን ሙሉ አድራለች።
መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሁሉም ሳቀ።
ዋናው አለቃ ኪንሎክ ብቻ፣ ደብተሩን ገልጦ ጠየቀ፦
"ስንት ሰዓት ላይ ነው መጥፋቷን ያወቅሽው?"
"ዘጠኝ።" "ለሮሪስ ስንት ላይ ነገርሽው?"
"ዘጠኝ ከአምስት።" ጻፈ። ጽፎም መዝገብ ዘጋ።
ስለ አምስቷ ደቂቃ አልጠየቀኝም፤ ነጋ።

አሁን ዓመት ሆነኝ። ፊርማዬ ገና አይቆጠርም፤
ከታች በትንሹ ነው፤ ያለ ሮሪ አይጸናም።
ደመወዜ ከድሮው ያንሳል፤ ወገቤም ያመኛል።
የሺና መስኮት ላይ ግን አንድ መጋረጃ ይታያል፤
ነጭ ዳንቴል፣ አበባ ያለው፣ የእኔው ሥራ ነው፤
ሦስተኛው አበባ ላይ የሳተ ክር አለው።
ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ማንም አይቶት አያውቅ።
ትናንት ሻይ ስንጠጣ ነገርኋት፣ ሳልሳቀቅ።
"የቱ ጋ?" አለችኝ፣ መነጽሯን እየፈለገች።

ተነሣሁ። በጣቴ አሳየኋት።