ላባቸው እስኪደርቅ

ሰፈሬ ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ስሙን እኔ አላወጣሁም፤
«እዚህ ታስፈለፍላለህ?» ሲሉኝ ስቄ እንጂ አልተቆጣሁም።
ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ብርድ ስጠግን ኖሬ፣
ለሥጋ ቤቱ፣ ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለጭማቂ ሻጩ፣
ባለቤቱ የረሳውን አንዱን ፍሪጅ ግን
ሙቀት አስተማርኩት ዛሬ።

ሞተሩን አውጥቼ ጣልኩ፤ ሁለት አምፖል፣ ማራገቢያ፣
ከታች ውሃ በሳህን፣ ከላይ የሕፃን ትኩሳት መለኪያ፤
በሩን በስቼ መስታወት ገጠምኩ።
ዐሥራ ሁለት የሱሉልታ እንቁላል፣ ቁጥር በእርሳስ የጻፍኩባቸው፣
እስከ ዐሥራ ስምንተኛው ቀን ድረስ
እንደ አልጋ ቁራኛ ታማሚ በቀን ሦስቴ ያገላበጥኳቸው።

በሃያ አንደኛው ቀን ረፋድ ሰባቱ ወጡ።
ከዝናብ የገባ ካልሲ ይመስላሉ፤
አንገታቸው አይቆምም፤ ተነስተው ይወድቃሉ፣
ወድቀው እርስ በርስ ይረጋገጣሉ።

እትዬ ጥሩአየር መጡ፤ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው፦
«ኧረ አውጣቸው አንተ ሰው! በረሃብ ሊያልቁ ነው ጠውልገው!»

ረሃቡን አልፈራም፤ አስኳሉን ውጠው ነው የመጡት፤
ሁለት ሦስት ቀን ያቆያል፣ በሆዳቸው የያዙት።
የምፈራው በሩን ነው።
በመጋቢት እንዲሁ ሰው ሲቸኩል ቸኩዬ
ከፈትኩ።
እርጥቦቹን ካርቶን ውስጥ አስገባኋቸው፤ ሦስቱ አልነጋላቸውም።
ውስጥ የቀሩት ደግሞ፣ እንፋሎቱ በበሩ ሲወጣ፣
ስሱ ሽፋን ደርቆ እንደ ላስቲክ ተጣበቀባቸው፤
ምንቃር ብቻ ብቅ አለ፤ ሌላው አካል ሳይመጣ።
ከዚያ ወዲህ ሕጌ አጭር ናት፦
ላባቸው ደርቆ እንደ ተባዘተ ጥጥ እስኪነፋ
ማንም እጅ አይከፍትም፤ የእኔም ጭምር።

«ለዶሮ ይህን ያህል ካወቅህ፣» አለች ዘርፌሽዋል፣
በአገጯ መጋረጃውን እያሳየች
(ከጀርባው ልጃችን ጉልላት፣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ተኝቷል)፣
«ይሄኛውስ? አሁንም አልደረቀም?»
«ሰምቻለሁ፣» አለ መጋረጃው።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ከጊዮርጊስ እስከ ቸርችል ቁልቁለት ከተማው ዓይኑን ጨፈነ።
የአልጋችንን ብርድ ልብስ ገፍፌ ፍሪጁን አለበስኩት፤
ዘርፌሽዋል በካፖርቷ ተኛች፣ እየረገመችኝ።
የተነሳው ጉልላት ነው፤ ከሰል አያይዞ ውሃ አሞቀ፣
በሃይላንድ እየሞላ፣ ሞተሩ በነበረበት ባዶ
ከሥር እየሸጎጠ፣ ያወጣል የቀዘቀዘውን፣
ያስገባል የሞቀውን፤
በሩን ሳንነካው ሌሊቱን ገፋነው።

ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም፣ ፊቱን ወደ ከሰሉ አዙሮ፦
«ክፍል አግኝቻለሁ፤ ቀበና ማዶ። ለእማዬ አልነገርኳትም።»
ዝም አልኩ፣ ውሃው እስኪግል።
«ልስኑ ደርቋል?»
«አላየሁትም፣ አባዬ።»
«እይ።»

መብራት የመጣው ወፍ ሲንጫጫ፣
የታክሲው ረዳት «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ሲል ነው።
በመስታወቱ አየሁ፤ ካልሲዎቹ የሉም፤
ዐሥራ አንድ የጥጥ ኳስ፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ፣ ዳልቻው፣
በእግሩ ቆሞ ይገፋፋል።
አሁን።
ካርቶኑ ውስጥ ሰጋቱራ፣ ባለ ስልሳ ሻማ አምፖል፤
እስኪሞቅ በክንዴ ለካሁት።
ከዚያ አንድ በአንድ፣ በፍጥነት፤ እኔ ሳወጣ ጉልላት ሲቀበል፣
ምንቃራቸውን ውሃ ነከር እያደረገ፤
ያ ሁሉ ቁመት፣ መዳፉ ይንቀጠቀጣል።

ዘጠኝ ቁጥር ቀረች።
ጎኗ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀዳዳ፤
ታንኳኳለች፣ ታርፋለች፣ ታንኳኳለች።
እትዬ ጥሩአየር ተመልሰዋል፦
«ልላጣት? በጥፍሬ ብቻ፣ ትንሽ...»
ሳህኑን ሙቅ ውሃ ሞላሁት፤
በሩን ዘጋሁ።