የእሪ በከንቱ ጥሩንባ

ሃያ ሁለት ዓመት ጥሩንባ ነፋሁኝ፣
በሌሊት ቁልቁለት፣ ውሻ እየጮኸብኝ።
«እገሌ አርፏልና፣ የእድር አባላት፣
ቀብር ስምንት ሰዓት!
የቀረ ይቀጣል!»
ይኸው ነው ትምህርቴ፣ ይኸው ያበላኛል።

አምና አሥራ አንድ ስም ጠራሁ በዚህ አፌ፣
ከላይ እስከ ወንዙ በር በበር አልፌ።
«ድንገት ነው» ይላሉ። ሁሉም ሰው በድንገት።
ሲስተር ዘምዘም ብቻ፣ ከጤና ጣቢያ መጥታ፣ በነጭ ካፖርት፣
«አባቶቼ» አለች፣ «ድንገት የሚሉት በሽታ የለም፤
ግፊት ነው፣ ስኳር ነው፣ አንድ በአንድ የሚለቅም።»

ጨው ቀንሱ አለች፤ የሚረጋ ዘይት ተዉ፤ ተራመዱ በእግር።
ወይዘሮ አስካለ ከወንበሯ ሳትነሣ ጀመረች መናገር፦
«ልጄ፣ የሚረጋው ነው ከኪሴ የሚደርስ፤
ጨውን ከቀነስሁ ወጡ ምን ሊቀምስ?
ተራመጂ ትያለሽ፤ የሰው ልብስ አጥቤ
ከአራት ኪሎ በእግሬ ነው የምመለስ፣ ከነረኃቤ።»

እድር ቤቱ ሳቀ።
ሲስተር አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።
በሳምንቱ ያለ ካፖርት መጣች፤ የለስላሳ ቆርኪ እንጂ ወረቀት አልያዘችም።
«ለአንድ ድስት ይህን ያህል፣ ከቆርኪው ጠርዝ ሳይለቅ፤
ጣዕሙ ሲጎድል ነጭ ሽንኩርት ወቀጥ፣ ሎሚ ጨመቅ።»

ከዚያ ጠየቀችን፣ «የእድሩ ካዝና ለምንድን ነው?» ብላ።
ጸሐፊው ቆጠረ፦ ለድንኳን፣ ለሣጥን፣ ለአስክሬን መኪና፣ ለንፍሮ ባቄላ።
ዝም አልን።

ዳኛችን ዘርጋው፣ አንድ እግሩን ስኳር የወሰደው፣
ክራንቹን አንሥቶ ወለሉን ደሰቀው፦
«ለሙት ሣጥን የገዛ ገንዘብ ለቋሚ መለኪያ ቢገዛ
ከሙቶቹ ማን ይከሰናል? ማን ይላል ዕዳችሁ በዛ?»
ሦስት እሑድ ተጣላን። «የሙት ብር አይነካ» ያለም ነበር።
በአራተኛው ተገዛ፤ ቦታ ሰጠነው ከድንኳን ካስማ፣ ከረጅም ወንበር።

ክንዴን ታቀፈኝ ያ ጨርቅ። ሲስተር ቁጥሩን አይታ፣
«ለሰው ሁሉ ትነፋለህ፤ ለአንተስ ማን ይነፋል?» አለች፣ በሹክሹክታ።

በማግስቱ፣ ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ነፋሁ።
ነጠላ ዘቅዝቀው ወጡ። ለቅሶ ተጀመረ። ተጠየቅሁ፦
«ማነው? ማነው የሞተው?»
«ማንም። ሁላችሁም አላችሁ። ጫማ አድርጉ፤ ዳገቱን እንውጣው።»
ወይ የወረደብኝ እርግማን! «ጥሩንባህ ይሰበር፣ ድምፅህ ይጥፋ!»
አስካለ እንኳ፣ ውኃ በሳምንት አንዴ የሚመጣላት፣ አንድ ጆግ በራሴ ትድፋ?

በነጋታው አራት ሰው መጣ። ናስር ልብስ ሰፊው በኮንጎ ጫማ፤
ሁለት ጎረምሶች፤ አስካለም፣ «ልሰድብህ ነው» እያለች፣ በጨለማ።
በራስ መኮንን ድልድይ፣ ሽቅብ ወደ ጊዮርጊስ፣ እየቆምን፣ እያለከለክን፤
ዘርጋው ድልድዩ አፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ፣ በጣቱ እየቆጠረን።

አሁን ሃያ ስድስት ነን። የቀረ ይቀጣል፦ አንድ እስር ጎመን።
ጎመኑ ቁርስ ለሌለው ይሄዳል፤ ለማን እንደሆነ አንጠይቅም፣ አደራ ብለን።
ዘይቱ ዛሬም ይረጋል። ሽንት ቤቱ ዛሬም ለአሥራ ሦስት ቤት አንድ ነው።
የናስር ስኳር ወርዷል፤ የእኔ ግፊት ወጣ ገባ ይላል፤ የአስካለን እሷ ናት የምታውቀው።

በኅዳር አንድ ማለዳ ግን በረጅሙ ነፋሁ።
ጫማ አድርገው ወጡ፣ ሽቅብ እያዩ። መናገር አልቻልሁ፤
ደግሜ ነፋሁ።
ያኔ ወደ ድልድዩ ዞሩ፤ በርጩማው የለም።
«አቶ ዘርጋው አርፈዋልና… ቀብር ስምንት ሰዓት…» ብዬ
«የቀረ ይቀጣል» የሚለውን ዋጥሁት ከእንባዬ።

አውቶቡስ ተከራይተን ነበር፣ እንደ ወጉ፤ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀ።
አስካለ አለፈችው፤ ናስርም፤ ሰዉ ዳገቱን በእግሩ ዘለቀ።
ባዶው አውቶቡስ ከኋላችን፣ በቀስታ፣
ቅጣት እንደሚፈራ አባል
ተከተለን በዝምታ።