እጅሽን አድርቂ

ጋሽ ድንበሩ በረባሶውን ሳያጠልቅ ቆጣሪ አይነካም።
«ጎማ ላይ የቆመን ሰው» ይለኛል «መሬት አትጠራም።»
ፒንሳው እጀታ ላይ ሦስት ዙር ናስትሮ፣
ካቻቪቴው አፍ ላይ የቀለጠ ጥቁር ነጥብ፣ የድሮ፣
አውራ ጣቱ ላይ ደግሞ አንድ ነጭ ጠባሳ፤
ያኔ ገና ልጅ ሆኖ፣ የእንጨት መሰላል አምኖ፣ ዝናቡን ሲረሳ።

«እንጨት ደረቅ ሳለ ምስጢር ይጠብቃል፤
ዝናብ ከጠጣ ግን ሁሉን ይለፈልፋል።»

እንዲህ ነው የተማርኩት፤ ደብተር አልነበረኝም።
መዳብ እሺ ባይ ነው፤ የመጣን አይመልስም።
ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሻይ ቤት ስንቀመጥ፣
ማንኪያው ከብርጭቆው ቀድሞ ጣቴን ሲለበልብ
«ብረት ሲነግሩት አይዘገይም» ብሎ ሳቀብኝ።
ቆርቆሮም በሩን አይዘጋም፤ ለቀን ፀሐይ፣ ለሌሊት ብርድ፣
የተላጠ ሽቦ ከነካው ደግሞ ለሞትም ጭምር መንገድ።
የጭቃ ግድግዳ ግን ቀስ ይላል፣ ያመነታል፤
የቀኑን ሙቀት ለማታ ያቆያል።

ዛሬ ሠራተኛ ሰፈር ነን።
በሮቹ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤
ከነገ ወዲያ ግሬደር ይገባል ተብሏል።
መብራት ኃይል ከምሰሶው ቆርጦ ሄዷል።
«ተቆርጧል ቢሉሽም እንዳለ ቁጠሪው»
ይላል ጋሽ ድንበሩ፣ መሰላሉን ደግፎ።

የመጨረሻው ቤት የእኛ ነው።
ከእትዬ አመለወርቅ የሚለየን አንድ ኮምፔርሳቶ ነበር፤
ኮረንቲ አያሳልፍም፣ ሳሏን ግን ያሳልፍ ነበር፣
ከሳሏ ቀጥሎ የሬዲዮዋን ዜና፣
ከዜናው ቀጥሎ ብቻዋን የምትስቀውን።
እናቴን ሌሊት ሲያማት ሁለቴ አንኳኳሁ፤
ሦስተኛውን ሳልደግም
ነጠላዋን ገልብጣ ደጃችን ቆማለች።

አዲሱ ቤት ብሎኬት ነው።
ሽቦው በግድግዳው ሆድ፣ በላስቲክ ቱቦ ያልፋል።
ደህና ሥራ ነው፤ ጋሽ ድንበሩም አይቶ አመስግኗል።
ባለፈው ሰኞ፣ እንዲያው፣ ሁለቴ አንኳኳሁ።
ድምፁ እጄ ላይ ቀረ።

ጣሪያው ሥር ነጩ የሸክላ ጉጥ አለ፤
ጣሊያን ይሁን ማን የተከለው አላውቅም።
የተከለው ሞቶ፣ ማገሩ ዘሞ፣
እሱ አሁንም እምቢ እንዳለ ነው።
ጨርቅ የለበሰውን ሽቦ ከአንገቱ ፈታሁለት፤
ጨርቁ እጄ ላይ ዱቄት ሆነ፣ መዳቡ ግን ቀላ፣
ትናንት የተገዛ ይመስል።

ፊቴን በመዳፌ ጠረግኩ፣ ማንም ያላየኝ መስሎኝ።
ጋሽ ድንበሩ ከታች፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣
«እንባ ጨው አለበት» አለኝ፤
«ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ያሳልፋል።
ምሰሶው ላይ ቆርጠናል ብለዋል፤
እኔ አላመንኳቸውም።
ነይ ውረጂ መጀመሪያ።
እጅሽን አድርቂ።»