የግራ ክንፍ ላባ

የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው የሚያድር፣
ሐይፋ፣ ከወደቡ በላይ፣ ከዳገቱ ሥር።
ልጆች ባድሚንተን ተጫውተው ሲሄዱ እጠርጋለሁ፤
የውሃ ኮዳ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ አንድ ካልሲ እለቅማለሁ።

አንድ ማታ ታዲያ፣ ከተሰበሩት ወንበሮች ኋላ
ሣጥን አገኘሁ፣ አይጥ ክዳኑን የበላ፤
ውስጡ የእንጨት ራኬት፣ ጅማቱ የላላ፣
ከሥሩም አንድ ላባ፤ ነጭ ነበር ድሮ፣
የዝይ ነው እንጂ አይደለም የዶሮ።

ቢላ የሚስለውን አቡ ነጂብን ጠራሁት፤
ራኬቱን ሲያይ ፈዘዘ፤ ወንበር ሰጠሁት።
«የሲት ኦነር ነው» አለኝ፤ «የነርሷ፣ የአየርላንዷ፤
እስከ ዛሬ ይታየኛል ሲወነጨፍ ክንዷ።

በአገሯ ሦስት ዓመት ማንም አልቀደማት፤
ደብሊን፣ በጋዝ ፋኖስ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያያት፣
ቀሚሷ ጫማዋን፣ አንገትጌዋ ጉሮሮዋን ይዟት።
ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ወንድሟን ቀበረች፤
በነርስነት፣ በመርከብ፣ እዚህ ወረደች።

እዚህ ነፋስ ጠላቷ። ባሕሩ ሲነቃ
ላባዋን ይቀማታል፤ ጨዋታው በቃ።
ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ፣ ባሕሩ ተኝቶ፣
በሁለት ጥድ መሃል መረቧ ተዘርግቶ፤
እኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ላባ ለቃሚዋ፣
በቀን ግማሽ ቅርሽ፣ ያውም ዱቤ ነው ክፍያዋ።
አሥራ ስድስት ላባ ነው፣ ትላለች፣ ሁሉም ከግራ ክንፍ፤
ግራና ቀኝ ከተደባለቀ ግራ ይገባዋል ሲከንፍ።»

«የብር ዋንጫስ?» አልሁት። «መርፌ ቀቀለችበት።
ነውር አይደለም ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት።
መረቡን እየፈታች፣ ፊቷን አዙራ፣ እንዲህ አለች፦
የመጨረሻዋ ነጥብ ከመስመር አንድ ጣት አልፋ ወደቀች።
ዳኛው ግን ‹ውስጥ!› አለ። ተጨበጨበ። እኔ አይቻለሁ።
ዝም አልሁ።»

እኔም፣ ሎድ አየር ጣቢያ በደረስንበት ሌሊት፣
ጸሐፊው ሲጠይቀኝ የተወለድሁበትን ዕለት፣
ከራሱ ጻፈልኝ፤ ሦስት ዓመት ቀነሰ፣ ስሜንም ቀየረ፤
ብዕሩ ከመስመር ሲወጣ ዓይኔ እያየ ነበረ።
ዝም አልሁ።
ዛሬም በዚያ ቀን ልጆቼ ሻማ ያበሩልኛል፤
እንደ ሰው ልደት እፍ እላለሁ፤ ይጠፋልኛል።

ሽማግሌው ላባውን በሁለት ጣት አነሣና
ወደ ላይ ወረወረው። እሱም ተሽከረከረና
ወረደ፣ ወረደ፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ተኛ።
«ውስጥ ነው?» አልሁት።
«እኔ ምን ቤት ነኝ? ዳኛ?»

ተነሣ። ቢላዎቹን በጨርቅ ጠቀለለ፤
በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር አለ፦
«የዚያን ቀን ግማሽ ቅርሽ እስክትሞት አልሰጠችኝም።»
ራኬቱን ዘረጋሁለት።
እምቢ አላለኝም።