ወደ ጉሙ የሮጠችው

ነሐሴ ማለዳ፣ ዘንዘልማን አልፎ፣
ጣና የሌት ጉሙን አስፋልት ላይ ዘርግፎ፣
ባሕር ዛፉ ሁሉ እንደ ጥላ ገዝፎ፣
አንድ አይሱዙ ወድቋል፣ ጭነቱን አራግፎ።

የፎገራ ሽንኩርት፣ ቀይ፣ እርጥብ፣ ድቡልቡል፣
መንገዱን አቋርጦ ቦይ ውስጥ ይንከባለል፤
ከተሰበረው መስኮት አንድ እጅ ብቻ ወጥቶ
«አለሁ» ይላል በጣት፣ ድምፅ ከአፉ ጠፍቶ።

አምቡላንሱን እኔ ነበርኩ የምነዳው።
ነርሷ ደጊቱ ሳልቆም ዘላ ወረደች፣
አንድ እግር ጫማዋን ለጭቃው ተወች።
የሰፈሩ ሰው ቀድሞናል፤
ግማሹ በባዶ እጁ ቆርቆሮ ይጎትታል፣
ግማሹ ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል፣
አንዱ ጎንበስ ብሎ ሽንኩርት ይለቅማል፤
አንድ ሽማግሌ «ኧረ ልጄን! ኧረ ልጄን!» ይላል፣
ልጁ ሳይሆን።

ሳጅን ይታይሽ ግን፣ ትራፊኳ፣
ሞተሯን ዳር አስደግፋ
ሾፌሩን አንዴ አየችው፣ አንዴ ብቻ፣
ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችው፤
ሮጠች።
ወዴት?
ወደ መጣንበት። ወደ ጉሙ።

«ሴትዮ፣ ሰው እየሞተ!» አላት አንዱ፤
«ደም አይታ ደንግጣ ነው» አለ ሌላው።
እኔም በሆዴ አማኋት፤ አልዋሽም።

ከጉሙ ውስጥ ድምፅዋ መጣ፦
«አንተ ሾፌር! መኪናህን አግድመው!
መብራቱን እንዳታጠፋ!»
አመነታሁ። ሊብሬው ላይ የኔ ስም ባይኖርም
ቀለሙ ገና አልተጫረም፤
ላልታወቀ ጎማ ጎኑን ልስጥለት?
ሰጠሁ።

ከባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ዘነጠለች፣
ሃምሳ እርምጃ ቆጥራ አንዱን ጣለች፣
መቶ ላይ ሌላ፣ መቶ ሃምሳ ላይ ሌላ፣
ድንጋይ ደረደረች ከቅጠሉ ኋላ።
በእኛ አገር መንገድ ቅጠል ፊደል ነው፣
ሀሁ ያልቆጠረም ሾፌር የሚያነበው፦
ወዲህ ሰው ወድቋል፣ እግርህን አንሳው።

(ኋላ ነው የነገረችኝ። አምና፣ መሸንቲ መውጫ፣
ባልደረባዋ ታፈረ ቁስለኛ ላይ እንዳጎነበሰ
ከኋላው የመጣው አላየውም።
ቁስለኛው ዳነ።
ታፈረ አልተነሳም።)

ከዚያ ጉሙ አጓራ።
መልኩ ሳይታይ ድምፁ የቀደመ የጎንደር አውቶቡስ፣
ስልሳ ነፍስ አዝሎ፣ ለቁርስ የቸኮለ፤
ጎማው ቅጠሉን ረገጠ፤ ሾፌሩ አነበበ፤
ፍሬን ጮኸ፤ የጎማ ቃጠሎ ሸተተን፤
ቢጫ ሰደርያዋ እንደ ክብሪት በራ።
እጇን ዘርግታለች።
የአውቶቡሱ አፍንጫ ከመዳፏ
አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ከጀርባዋ እኛ አለን፦ ደጊቱ በጉልበቷ ተንበርክካ፣
ቆርቆሮ ጎታቹ፣ ቀራጩ፣ ለቃሚው፣ ሽማግሌው፣
በመስኮቱ ያለው እጅ።
እናቷ ምን ታይቷት ይሆን «ይታይሽ» ያለቻት?
ለሷ ታያት።
ለእኛ ግን ፍሬኑ እስኪጮህ ድረስ ጉም ነበር።

የአውቶቡሱ ሾፌር ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤
ሲጋራ መለኮስ አቃተው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፤
ክብሪቱን ተቀብላ ይታይሽ ለኮሰችለት፤
አንድም ቃል አልተናገረችው።

የአይሱዙውን ሾፌር አወጣነው።
ዐይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ቃሉ
«ሽንኩርቱስ?» ነበረች።
ማንም አልመለሰለትም።

ከሆስፒታል ስመለስ ቀትር ሆኗል፤
ጣና ከዛፎቹ መሀል ከሩቅ ያንጸባርቃል፤
ሰው የለም፤ ሽንኩርቱም የለም፣ አንድ ፍሬ እንኳ፤
እሷ ብቻ አስፋልቱ መሀል ጎንበስ ብላ
ድንጋይ ታነሳለች።
«አላለቀም እንዴ?» አልኳት።
«ጠዋት ያዳነ ድንጋይ» አለች ቀና ሳትል፣
«ሲመሽ ይገድላል።»

ወረድኩ። የመጨረሻውን አነሳሁ።
ከሥሩ አስፋልቱ
ገና እርጥብ ነበር።