ምዕራፍ ሦስት፦ ዕቃ ስለ መሥራት

ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከፎቶኮፒ ቤቴ ጓዳ፣ መብራት በጠፋበት ማታ፣
አራት ሆነን ተቀምጠናል፣ ስልክ አብርተን፣ ለጨዋታ።
ሕጉን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ በባለ መስመር ደብተር፤
ሦስተኛውን ምዕራፍ ትናንት ቋጨሁት፣ ከእንቅልፍ ስታገል ሳድር።

«አስማት ያለው ዕቃ ሊሠራ የሚሻ» አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
ድምፄን እንደ አዋጅ ነጋሪ አድርጌ፣
«ከወደቀ ኮከብ ብረት ያምጣ፤ መቶ ወርቅ ይክፈል፤
ሰባት ቀን ይጹም፤ በስምንተኛው ዳይስ ይጣል።
ከአሥራ አምስት በላይ ከወጣለት ሰይፉ ነፍስ ይዘራል፣
ከዚያ በታች ከሆነ ብረቱም ወርቁም ውኃ በልቶት ይቀራል።»

እንዳላማው ኪሳችንን ደመረ፤ ማራኪ ግቢ ሒሳብ ይማራል፤
«ሃያ ስምንት ወርቅ ይጎድለናል፣ ጾሙ ግን ይቻላል።»

ዋኘው ሰይፍ አልፈለገም። «ለኔ ክታብ፣ ጥይት የሚመልስ።»
ዝም ብለን ጠበቅን፣ ከአዘዞ በኩል እስኪያልፍ ተኩስ።
«ቀስት በለው» አልኩት፣ «ጥይት የለም በዚህ ዓለም፤
ብራናውም በቁመትህ ልክ ነው፣ ማሳጠር አይቻልም።»
የዋኘው ቁመት ደግሞ ቁመት ነው፣ ሁለት ፍየል ይፈጃል፤
እንዳላማው እንደገና ይደምራል።

ውብርስት እስካሁን አልተናገረችም። ዳይሱን መዳፏ ላይ ታሽከረክራለች፤
እሷ ናት የሠራችው፤ ገበያ ላይ ስናጣ፣ ከወለቃ ጭቃ፣
ሃያ ገጽ፣ በግዕዝ ቁጥር፣ ጠብሳ አመጣች።
አንድ እንከን አለበት፤ ወደ ሰባት ያደላል።
ለምደነዋል።

ቀጠልኩ፦ «አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ
በደሙ አስማት አለው፤ ሁለት ነጥብ ይሰጠው፣ ጭማሪ።»

ሳቀች። ሳቋ ደስ አይልም።
«ይኼንንማ» አለች፣ «ለአያቴ አገሩ በነጻ ነው የሰጣት፤
ቀን ማሰሮዋን ተከራክሮ ገዝቶ፣
ሲመሽ ልጁን ከዓይኗ እየደበቀባት።»

የስልኩ ብርሃን ደብተሩ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ የኔው እጅ ነው።
ላጲስ የምሸጥ ሰው ላጲስ አጣሁ።
በምራቅ ፈተግሁት፤ ገጹ ተበሳ።

«ተወው» አለች። «ይልቅ ጻፍ፦ ጭቃው ሦስት ቀን ይረገጣል፣
ጠጠሩ በጥፍር ይለቀማል፣
በጥላ ይደርቃል፤ የቸኮለ እሳት ውስጥ ይፈነዳል።
ገጹን ሁሉ በክር ለካሁ፤ አሥራ አንድ ዳይስ ተሰነጠቀብኝ፤
አሥራ ሁለተኛው እጃችሁ ላይ ነው።
ያን ለት ማን ዳይስ ጣለልኝ?»

ጻፍኩ፣ በቀዳዳው ዙሪያ፦ «ዕቃ የሚሠራ ዳይስ አይጥልም፤
ስንት እንደ ሰበረ ይናገር።»
ዋኘውን ጠየቅነው። «እኔ ምንም አልሰበርኩም።»
«እንግዲያ ጀምር» አለችው።

ከሄዱ በኋላ ዳይሱን አነሣሁ፣ ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁት፤
ከሰባት ሥር አንዲት ጭረት አለች፣
ሁልጊዜ እንከን ስትመስለኝ የኖረች፤ ዛሬ አነበብኳት፦
ው።
ጠልቃ ተቀርጻለች። ጭቃው በዚያ ገጽ ስለ ቀነሰ
ለካ ወደ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።
ወረወርኩት፣ ለብቻዬ፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ደረሰ።
፯።